የእትዬ አስካለ የቅርብ ዓይን

እትዬ አስካለ በተቀበሩ ዕለት፣ ከመቃብር መልስ ሮተርዳም ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ስሜ ተጠራ። «የዓይን ሞራ ግርዶሽ በጋረዳቸው ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላለሳቸውን፣ አስተርጓሚያቸው የነበረውን፣ ለዓይናቸው መብራት ምክንያት የሆነውን አቶ ደረጀን እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ አንባቢው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሐዘን መስሏቸው ይሆናል። ሐዘን አልነበረም። ገዛ ራሴ ቀፎኝ ነው።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የማይጸድቅ የለም። ሟች ቅዱስ፣ ጎረቤት ደግ፣ አስታማሚ መልአክ ይሆናል፤ ሁላችንም እያወቅን አሜን እንላለን። የዚያን ቀን አሜን አላልኩም። የእትዬ አስካለ ዓይን እንዴት እንደበራ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ነበር። እሱም ስሕተት ኖሯል።

ያወቅኋቸው ስኬቨኒንገን፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። እሳቸው የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ አልጋ ማንጠፍ የምማር አዲስ ሠራተኛ። የሚኖሩት ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ሲሆን በየማለዳው በባቡርና በትራም ይመጣሉ፤ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። አጭርና ቀጭን ናቸው። መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ ከጀርባው ዓይኖቻቸው የምስር ፍሬ ያህል ሆነው ይታያሉ። ያለሱ፣ በክንድ ርቀት ያለን ሰው እንኳ ከበር አይለዩም ነበር።

ሌላው ሰው ሊያይ መነጽሩን ያደርጋል፤ እትዬ አስካለ ሊያዩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በመጀመሪያው ቀን አልጋ አንጥፌ፣ ትራሱን አሳብጬ፣ ምስጋና ስጠብቅ መጡ። መነጽራቸውን አወለቁና ፊታቸውን ከአንሶላው ጋር አገናኙት። የሚያሸቱ መሰለኝ። ከራስጌ እስከ ግርጌ በዚያ ሁኔታ ሄዱ። ቀና ሲሉ በሁለት ጣታቸው መሐል ፀጉር ይዘዋል። እያሳዩኝም አላየሁትም።

«ይሄ ያንተ ነው የእንግዳው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ።»

«አንተማ መላጣ ነህ፤ የእንግዳው ነው። ሲቀፍ!»

ይቺን «ሲቀፍ!» ሲሏት ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ይወጠራል፣ ቀኝ ትከሻቸው ዘለል ይላል። ለሁሉም ነገር ይሏታል፤ ለገላ መታጠቢያው ቀዳዳ፣ ለቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ፣ በትራም ውስጥ ጥፍሩን ለሚቆርጥ ሰው፣ ሐሜት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ። «ደረጀ፣ ንጹሕ የሚባል ነገር የለም» ይሉኝ ነበር። «ገና ያልተጠጉት ነገር ነው ያለው።» እኔ ከዚያ በፊት ራሴን ንጹሕ ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

ባሕሩን ግን ዞር ብለው አያዩትም። እንግዶች ከየአገሩ እየመጡ መስኮት ላይ ፎቶ ይነሣሉ፤ እሳቸው መጋረጃውን ስበው አቧራውን ይፈትሻሉ። አንድ ቀን «ኧረ እትዬ፣ ትንሽ እንኳ ባሕሩን አይተው ይውጡ» ብላቸው፣ «ምኑ ይታያል? የከተማ ሁሉ እጣቢ የሚወርድበት!» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የተሰበረ ብርጭቆ ስጠርግ ስባሪ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። በሆቴሉ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጠው ልጅ በወረንጦ ቆፍሮ ቆፍሮ ሲያቅተው ሐኪምህ ዘንድ ሂድ አለኝ። እትዬ አስካለ ሰሙና ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከኮሌታቸው ስር ሁልጊዜ የምትሰካ መርፌ ነበረቻቸው፤ በእሳት ለብለብ አደረጓት። መነጽራቸውን አወለቁና ጣቴን ሽፋሽፍታቸው እስኪነካው ድረስ አስጠጉት። ትንፋሻቸው መዳፌን ሞቀው። አንዴ ብቻ ጫር አደረጉት፤ የአሸዋ ቅንጣት የማታክል ብልጭልጭ ስባሪ መርፌው ጫፍ ላይ ወጣች። «ሐኪም በመሣሪያ ነው የሚያየው» አሉ፤ «እኔ በዓይኔ ነው።»

ምግብም እንዲሁ ነው። ምሳ ሲቀርብ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ወደ አፍንጫቸው አንሥተው ይመረምራሉ፤ አንዳንድ ሠራተኛ እያየ ይጠቃቀሳል። ካዩት በኋላ ግን ሲበሉ ደስ ይላሉ። በሙሉ ልብ ይጎርሳሉ፣ ሳህኑን ጠርገው ይነሣሉ። ያዩትን ነገር አይጠራጠሩም።

ሃምሳዎቹን እንዳጋመሱ ይህ ዓይናቸው ታመመ። «ቅርቤ ጉም ሆነብኝ» አሉኝ አንድ ማለዳ፣ የአንሶላ ጠርዝ ይዘው። እንዲህ ዓይነት ዓይን ያላቸው ሰዎች ሞራው ከሌላው ቀድሞ እንደሚመጣባቸው ኋላ ሐኪሙ ነገረን። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሄለን። የእናቷን ዓይን ወርሳለች፤ እሷም ባለ ወፍራም መነጽር ናት። ያኔ አምስተርዳም ቢሮ ውስጥ ሥራ የጀመረችበት ወር ስለነበር ፈቃድ መጠየቅ አልቻለችም። ስለዚህ እኔን ጠየቁኝ። የእሳቸው ደች ለፎጣና ለአንሶላ እንጂ ለሐኪም አይበቃም ነበር።

ወደ ሐኪም ቤቱ ስንሄድ በትራሙ ውስጥ እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፤ «አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። ጉሙን አንሡልኝ፣ ሌላውን እንዳትነኩብኝ በልልኝ። ሩቁን በመነጽር ለምጄዋለሁ። ቅርቤን አደራ።»

«እሺ» አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሐኪሙ ወጣትና ታጋሽ ሰው ነበር። የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ እንደሚገባ ነገረኝ። ከዚያ ምርጫ አለ አለ። የሚገባው ሌንስ ለሩቅ ከተደረገ ያለ መነጽር ሩቅ ያያሉ፣ ለቅርብ ግን መነጽር ያስፈልጋቸዋል። ለቅርብ ከተደረገ፣ እንደ ድሮው እስከ አፍንጫ ጫፍ ባይደርስም፣ መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት ያለ መነጽር ያያሉ፤ ለሩቁ ቀጭን መነጽር ይበቃቸዋል። «እንደ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በቅርብ ዓይናቸው የኖሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቅርቡን ማጣት አይወዱም። እስኪ ይጠይቋቸው» አለኝ።

እኛ ስናስተረጉም እንዴት እንደሆንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐኪም ሩብ ሰዓት ተናግሮ ሲጨርስ አስተርጓሚው «ደህና ነው ይላል» ብሎ ያሳጥረዋል። ታላቅን በነገር ማድከም ነውር ይመስለናል፣ በእነሱ ፈንታ መወሰንም ማክበር ይመስለናል። እኔ በዚያ ላይ ሰዓት እያየሁ ነበር፤ እስከ ቀትር ስኬቨኒንገን እደርሳለሁ ብያለሁ። ጥያቄውም ራሱ የጅል ጥያቄ መሰለኝ። ሩቅ ማየት የማይፈልግ ሰው ማን ነው? ያ መነጽር ከፊታቸው ወርዶ ማየት የምፈልገው እኔ ነበርኩ፤ አብሬያቸው ስሄድ ሰው ያፈጥባቸዋል፣ እኔም አፍር ነበር። ይኼን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

«ለሩቅ» አልኩት በደች።

«ይፈልጋሉ?»

«አዎ።»

እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ምን አለ? አደራዬን ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ። ምንም አይሆኑም፣ ደህና ነው ይላል።»

የመጀመሪያው ዓይን በተሠራ ማግስት መሸፈኛው ሲነሣ አብሬያቸው ነበርኩ። ከበሩ እንደወጣን ቀጥ ብለው ቆሙ። ማዶ የቆመውን ትራም ቁጥር አነበቡ። በሕንጻው ጫፍ ላይ የተቀመጡትን ወፎች ቆጠሩ። ከዚያ እኔን አዩኝና «ደረጀ፣ ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ፊትህ ላይ ነበረ እንዴ?» አሉ፤ ተሳሳቅን። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ በሥራዬ ኮራሁ። ወዲያው ሌላኛውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ጠቋሚ ጣታቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው አመጡ። አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት።

«ጣቴ የታለ?» አሉኝ።

«እብጠቱ ሲጎድል ይመለሳል።» ሐኪም አይደለሁም፤ ማንም እንዲህ አላለኝም።

ቀኑ ሄደ፤ አልተመለሰም። ያልተሠራችው ዓይን ጉም ውስጥም ሆና ጣታቸውን ታሳያቸው ነበር። የእሷ ቀጠሮ ሲደርስ በመጠበቂያው ክፍል ተቀምጠን እንዲህ አሉኝ፤ «እንግዲህ ያቺ ሄደች። ይቺኛዋን ግን ጉሙን ብቻ፣ በእናትህ። አጥብቀህ ንገራቸው።» ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። በመጀመሪያው ዓይን ተደስተው እንደሆነና ሁለተኛው እንደዚያው ይሁን ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የመጀመሪያዋ ወለምታ ነበረች እንበል። በሁለተኛዋ ቀን ግን አውቅ ነበር። ለቅርብ ይሁን ብል ነርሷ ሐኪሙን ትጠራለች፣ ሐኪሙ ያኔ ምርጫው ምን ነበር ይላል፣ እትዬ አስካለም እዚያው ተቀምጠው ምን አለ ምን አለ ይሉኛል። ያችን ቅሌት ፈራሁ። አንዲት ቅሌት ፈርቼ «አዎ፣ እንደ መጀመሪያው» አልኩ። ነርሷ ፈገግ አለችልኝ። እትዬ አስካለም የነገርኩላቸው መስሏቸው ጉልበቴን መታ አድርገው «ተባረክ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልናገር እመርጣለሁ። የንባብ መነጽር ታዘዘላቸው፣ ማጉያም ገዙ፤ ያ በሽፋሽፍት ርቀት ያለ ዓይን ግን በሱቅ አይገኝም። አንሶላ ላይ ሲያጎነብሱ የሚታያቸው ነጭ ነገር ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት አለቃችን፣ ወጣት ሴት ናት፣ ሁላችንንም ሰብስባ እንግዳ የላከውን ፎቶ በስልኳ አሳየችን፤ የገላ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ጥቁር ፀጉር። «ይህን ክፍል ማን ነው የፈተሸው?» አለች። እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡ። ሲቀፍ አላሉም። ከንፈራቸው ግን ወደ ጎን ሲወጠር አየሁ፤ የዚያን ቀን የቀፈፏቸው ራሳቸው ነበሩ። በዚያው ሳምንት ራሳቸው ጠይቀው ወደ ታች፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረዱ። በባሕሩ ጫፍ የሚሄድ መርከብ መለየት የሚችል ዓይን ይዘው መስኮት በሌለው ክፍል ፎጣ ሲያጥፉ ዋሉ።

ቢሆንም የከፋው ይኼ አልነበረም። ከቤታቸው ውጭ መብላት ተዉ። በፊት የሚቀፋቸውን ነገር አይተው ያነሡታል፣ ከዚያ ይበላሉ። አሁን ቆሻሻው የትም ሊሆን ይችላል። «ያላየሁትን እንዴት ልጉረስ?» አሉኝ አንድ ጊዜ፣ በልመና ዓይነት ድምፅ። ልጄን ክርስትና ባስነሣሁ ጊዜ መጡ፤ ስጦታ አመጡ፣ ሕፃኑን አቅፈው መረቁ። ሳህን ሲቀርብላቸው «ጠግቤ ነው የመጣሁት» አሉ። ሰው ተያየ። ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ንዴቷን መቻል አቃታት።

«ቤታችን ቆሻሻ ነው ማለታቸው ነው? ዓይናቸው ከበራ ወዲህ ሰው ናቁ እኮ! ይሄ ኩራት ነው።»

ሁሉም ተቀበሏት። ኩራት ነው፣ ኩራት ነው ተባለ። እኔ በእጄ የያዝኩትን ጎረስኩና ሌላ ጠቀለልኩ። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩ ስማቸው «ኩሩዋ አስካለ» ሆነ፤ ቀስ በቀስም ሳህን የሚያቀርብላቸው ጠፋ።

የዓይናቸው ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከልክ በላይ ረጅም ስለሆነ የውስጡ ሽፋን እንዳይላቀቅ በየዓመቱ መታየት ነበረበት። በየዓመቱም እኔን ይዘው ሄዱ። ከመጀመሪያው ዓመት ምርመራ ጀምሮ አንድ ሕግ አወጡ። «ከእንግዲህ የሚለውን ሁሉ ትነግረኛለህ፣ የምለውን ሁሉ ትነግርልኛለህ። ሲያስል እንኳ አስሏል በለኝ» አሉ። የእርጅና ጠባይ መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ያነባሉ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ። ሐኪሙ ከዓመት ዓመት ይደነቃል። «እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ይህን ያህል ዓመት የጸና እይታ! ግሩም ነው!» ይላል። አንድ ዓመት እሳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው መለሱ።

«ኑሮዬ ግድግዳው ላይ ነው ወይ በለው።»

ሕግ ነውና እንዳለ ነገርኩት። ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

ሰው ፊት ግን «ደረጀ ዓይኔ ነው» ይሉ ነበር። ሌላው እንደ ምርቃት ይሰማዋል። እኔን ያልበኛል።

እንግዲህ ሞቱ። ልባቸው ነው፣ በእንቅልፋቸው። አዳራሹ ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ተነቦ፣ ምግብ ተነሥቶ፣ ሰው ማውራት ሲጀምር ሄለን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኖቿ ከመነጽሩ ጀርባ ቀልተዋል። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታ አያውቁም፤ እናቷንም አንቺ፣ እኔንም አንተ ነው የምትለን።

«ስለ እማዬ አመሰግንሃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ያኔ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ካለቀ በኋላ ከሐኪም ቤት ብሪፍ፣ ማለቴ ደብዳቤ፣ መጣ። እኔ ነኝ ያነበብኩላት። 'በታካሚዋ ምርጫ ሁለቱም ዓይኖች ለሩቅ ተደርገዋል' ይላል። እማዬ፣ ምርጫ ነበረሽ እንዴ? አልኳት። ድጋሚ አንብቢው አለችኝ። አነበብኩት። ከዛ 'አዎ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ባሕሩን ለማየት ብዬ ነው' አለችኝ። እማዬ ደግሞ ባሕር አትወድም። ሁሌ አይገባኝም። አንተ እዛ ነበርክ አይደል? ለምንድን ነው እንደዛ የመረጠችው?»

ያውቁ ኖሯል። ከሁለተኛዋ ዓይን ሳምንታት በኋላ ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። ልብስ ማጠቢያው ወርጄ ጎን ለጎን ፎጣ ስናጥፍ፣ ቤቴ መጥተው ልጄን ሲመርቁ፣ ባለቤቴ ኩሩ ስትላቸው፣ «ኑሮዬ ግድግዳው ላይ ነው ወይ» ብለው ሲያዩኝ፣ ያውቁ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ እንድነግራቸው ጠብቀው ይሆን? ወይስ እኔን ከልጃቸው ፊት ማዋረድ ቀፏቸው? አላውቅም። ልጠይቃቸው አልችልም፤ መጠየቅ በነበረብኝ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ሐኪሙ ቅርቡን ቢመርጡ እንኳ እንደ ድሮው እስከ አፍንጫ ድረስ አይመለስም ብሎ ነበር። ያቺ ፀጉር ያኔም ታመልጣቸው ነበር እያልኩ ዓመታት ራሴን አጽናንቻለሁ። ይኼ መጽናናቴም ከነገሩ ሁሉ ይብሳል።

ከሐኪሙና ከነርሷ ቀጥሎ፣ ስለዚያ ዓይን ስጠየቅ ይህ ሦስተኛዬ ነው። እትዬ አስካለ የምመልሰውን እንኳ አዘጋጅተውልኝ ሄደዋል። አዎ፣ ባሕሩን ለማየት ነው ብል ያበቃል። እንደ ተነጠፈ አልጋ ይጠብቀኛል፤ የቀረኝ መተኛት ብቻ ነው።

«አልመረጡም» አልኳት።

«እንዴት?»

«ሐኪሙ ጠየቀ፤ እኔ መለስኩ። ቅርቤን አደራ ብለውኝ ነበር። ጥያቄውን አልነገርኳቸውም።»

«ለሁለቱም ዓይን?»

«ለሁለቱም።»

መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ ፊቴ አመጣችው፤ ትንፋሿ ጉንጬን እስኪሞቀው ድረስ ተጠጋች። ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተወጠረ፣ ቀኝ ትከሻዋ ዘለል አለ።

«ሲቀፍ!» አለች።